«ጣረ ሞት መስሏል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጅማ ውስጥ ታማሚ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ቤተሰብ «ምን ሆኖ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ቶሎ ከአፉ የሚወጣው «ኧረ ሬሳ መስሏል!» የሚለው ነው። ሌላው «ጣረ ሞት መስላለች» ይላል፤ አፋን ኦሮሞ የሚቀናው ደግሞ «ሬፋ ፈካቴ» ይላል፣ ትርጉሙ ያው ነው። አነጋገሩ የተናጋሪውን ጭንቀት በደንብ ይገልጻል፤ ስለ ሕመሙ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ምክንያቱም በዚህ አንድ አባባል ሥር ሦስት የማይገናኙ ነገሮች አሉ። የሰውየው ቀለም ሄዶ ሊሆን ይችላል። ሥጋው አልቆ ሊሆን ይችላል። ወይም ሰውነቱ እየቀዘቀዘና እየከዳው ሊሆን ይችላል። ቀለሙ የሄደው ብዙ ጊዜ በሳምንታት የመጣ ነው፣ ሥጋው ያለቀው በወራት፣ የቀዘቀዘው ግን በደቂቃና በሰዓት የሚቆጠር አደጋ ላይ ነው። የትኛው እንደሆነ ለይቶ መናገር የሚችል ቤተሰብ ለታማሚው ትልቅ ነገር አደረገለት።

ስለ ቃላቱ

«አስከሬን» የክብር ቃል ነው። በለቅሶ ቤት፣ በሆስፒታልና በፖሊስ ዘንድ የሚሠራበትም እሱ ነው፤ «የአባታችን አስከሬን» ለማለት አፋችን ይታዘዛል፣ «የአባታችን ሬሳ» ማለት ግን ይከብዳል። ሙስሊሙ ወገናችን «ጀናዛ» ይላል፤ ይህም ከገላው አልፎ ሥርዓቱንና ሶላቱን ያስባል። ሕያው ሰው ሲመሰል ግን የክብሮቹ ቃላት አይመረጡም፤ የሚመጡት «ሬሳ»፣ «በድን» እና «ጣረ ሞት» ናቸው።

«በድን» ነፍስ የተለየው ገላ ነው፤ በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ስሜት ያጣን የሰውነት ክፍል ወይም የደነዘዘን ሰው ይገልጻል፦ «እጄ በድን ሆነ»፣ «አንተ በድን፣ ተንቀሳቀስ እንጂ»። «ሬሳ»ም በስድብ ሲመጣ ትርጉሙ እዚያው ነው፣ የማይንቀሳቀስ ሰነፍ። «ጣረ ሞት» የተለየ ነው። ጣር ነፍስ ልትወጣ ስትል ያለው ጭንቅ ነው፤ ስለዚህ የተመሰለው ሰው የሞተ አይደለም፣ ከሞት ጋር እየታገለ ነው። ዓይኑ የጎደጎደ፣ አገጩ የሾለ፣ ቆዳው አጥንቱ ላይ የተለጠፈ ፊት ሲያይ ሰው «ጣረ ሞት» ይላል፤ የነጣና ዝም ያለ ፊት ሲያይ «ሬሳ» ይላል። ልዩነቱን ሁሉም ሰው አይጠብቅም፤ የሚጠብቁት አረጋውያን ግን ሳያውቁት ግማሽ ምርመራውን ሠርተውታል።

ቋንቋችን ከዚህም የጠሩ ቃላት አሉት፤ ሐኪም ፊት የሚጠቅሙትም እነሱ ናቸው። ለቀለም ገረጣ፣ ነጣ፣ አመድ መሰለ፣ ወየበ አሉ። «ወየበ» ነጭ ልብስና የቆየ ወረቀት ወደ ቢጫ ሲያደላ የምንለው ስለሆነ ከ«ገረጣ» ጋር መደባለቅ የለበትም። ለሥጋ ከሳ፣ መነመነ፣ ኮሰመነ፣ ጉንጩ ሞገገ፣ ከሰውነት ተራ ወጣ እንላለን። ለሦስተኛው ደግሞ ተዝለፈለፈ፣ ክው አለ፣ ላቡ ቀዘቀዘ።

የቀዘቀዘው፣ ጊዜ የማይሰጠው

በቅድሚያ ይህን ማወቅ ይገባል። የአንድ አዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። ደሙ ሲፈስ፣ ወይም በተቅማጥና በትውከት የሰውነት ፈሳሽ ሲሟጠጥ፣ ሰውነት ያለችውን ደም ለልብና ለአንጎል ለማቆየት ሲል ወደ ቆዳ የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠባል። ፊቱ አመድ የሚመስለው፣ እጅና እግሩ የሚቀዘቅዘው፣ ግንባሩ ላይ ቀዝቃዛ ላብ የሚወጣው ለዚህ ነው። ልብ ደግሞ የጎደለውን ለማካካስ ይሮጣል፤ አንጓው ላይ የሚዳሰሰው ትርታ ፈጣንና ደካማ ይሆናል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይገኝም። ሰውየው አሁንም እያወራ ሊሆን ይችላል። «አፉ ይናገራል፣ ደህና ነው» ብሎ መዘናጋት ብዙ ሰው ያሳጣል። መጀመሪያ የሚታየው ንግግር ማቆም ሳይሆን መቅበጥበጥ፣ መጠማትና ግራ መጋባት ነው።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል መፈተኛ አለ። የታማሚውን እጅ ልቡ ትክክል ከፍ አድርገው ይያዙ፣ የጣቱን ጫፍ ጥፍሩ ላይ ለ5 ሰከንድ ጠበቅ አድርገው ይጫኑና ይልቀቁ። የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀለሙ መመለስ አለበት። ከ3 ሰከንድ በላይ ከቆየ ደም ወደ ዳር እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ሁለት ነገሮች ያሳስታሉ። አንደኛው ብርድ ነው፤ በክረምት ማለዳ የጤነኛ ሰው እጅም ቀዝቅዞ ቀለሙ ሊዘገይ ስለሚችል እጁን በጋቢ ማሞቅ፣ ወይም ደረቱ መሐል ያለውን አጥንት ላይ መጫን ይሻላል። ሁለተኛው ሂና ወይም እንሶስላ የተቀባ ጥፍር ነው፤ ቀለሙ እውነተኛውን ስለሚሸፍን ያልተቀባ ቦታ ይፈለግ።

እዚህ ደረጃ ከሚያደርሱት መካከል ወሊድ ዋነኛው ነው። ከወሊድ በኋላ ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም መፍሰስ አደገኛ ተብሎ የሚቆጠር ነው፤ ከወሊድ በፊትም ደሟ ያነሰ እናት ከዚያ ባነሰ መጠን ልትወድቅ ትችላለች። የማይታየው ደም ደግሞ የባሰ ነው። የወር አበባዋ የቀረ ወጣት ሴት በድንገት ሆዷን ታማ፣ ገርጥታ፣ ተዝለፍልፋ ከወደቀች፣ ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ ፅንስ ፈንድቶ ሆድ ውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል። ከውጭ አንዲት ጠብታ ላይታይ ይችላል። «ብርድ መቷት ነው» ብሎ ዳማከሴ ማጠጣትና ማስተኛት እዚህ ላይ ሕይወት ያሳጣል። ጥቁር፣ የሚያጣብቅና ክፉ ሽታ ያለው ሰገራም እንዲሁ ከጨጓራ የሚፈስ ደም ምልክት ነው።

የሚደረገው ይህ ነው፦ በጀርባ ማስተኛት፣ አጥንት ካልተሰበረ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ በጋቢ መሸፈን፣ የሚደማ ቦታ ካለ በንጹሕ ጨርቅ ሳይለቁ መጫንና ሳይዘገዩ መውሰድ። የደነዘዘ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ውኃም ቢሆን ወደ ሳንባ ይገባል። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ጥቅም የለውም፣ አየር ብቻ ያሳጣል።

ምክንያቱ ተቅማጥና ትውከት ከሆነና ታማሚው መዋጥ ከቻለ ግን ውኃው ከመንገዱ በፊት ይጀመር። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። በግማሽ ሊትር ማወፈር «ጠንከር እንዲል» ይመስላል፣ ጨውና ስኳሩ በዝቶ ግን ተቅማጡን ያብሳል፤ በ2 ሊትር ማቅጠን ደግሞ ጥቅሙን ያጠፋል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ፣ በዝግታ እንደገና። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ከረጢቱ ከሌለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር ውኃ ለጊዜው ያደርሳል። ለልጆች ዚንክ ለ10 ቀን ይታከላል፤ ከ6 ወር በላይ ላለው በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች 10። የልጁ ዓይን ከጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከወሰደ፣ መጠጣትም ካቃተው ግን በአፍ የሚደርስበት ጊዜ አልፏል፤ በደም ሥር ፈሳሽ ወደሚሰጥበት መሮጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው በድንጋጤ፣ ደም በማየት ወይም ፀሐይ ላይ ቆሞ በመቆየት የሚመጣው መዝለፍለፍ ነው። ሰውየው ነጭ ይሆናል፣ ያልበዋል፣ ይወድቃል፤ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተኝቶ እግሩ ከፍ ሲል በአንድ ሁለት ደቂቃ ይነቃል፣ መልኩም ይመለሳል። ሰዎች ደግፈው ሊያቆሙት ሲታገሉ ግን ደሙ ወደ ራሱ ስለማይወጣ ይራዘማል። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ታማሚ ገርጥቶና አልቦት ቢንቀጠቀጥ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው መድገም ነው።

የገረጣው

ነጭ ቆዳ ላይ መገርጣት ከሩቅ ይታያል። የእኛ ቆዳ ግን ጠይምም ይሁን ጥቁር ደም ማነስን ለረጅም ጊዜ ይደብቃል፤ ፊቱ «ፈዘዘ» ከመባል አልፎ «ሬሳ መሰለ» እስኪባል ድረስ ሲደርስ ጉዳቱ ብዙ ሄዷል። ስለዚህ ፊት ማየት ይቅርና ቆዳው ስስ የሆነባቸውን ቦታዎች እንይ። የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣት ወደታች ሳብ ሲያደርጉ ውስጡ ቀይ መሆን አለበት፤ ወደ ነጭ ካደላ ደም አንሷል። ምላስ፣ ድድና የከንፈር ውስጡም እንዲሁ፤ ቡና የጠጣ ወይም ጫት የቃመ ሰው ምላስ ግን አፉን ሳይጉመጠመጥ አይታመንም። የሚታየው በቀን ብርሃን፣ በር ላይ ወጥቶ ነው። ቢጫ አምፖል ሥር ሁሉም ሰው ጤነኛ ይመስላል።

ለሕፃናት ዋናው ቦታ መዳፍ ነው፤ አያያዙም ራሱን የቻለ ዘዴ አለው። የልጁን እጅ ከጎን ቀስ ብለው ይያዙና መዳፉ በራሱ ይከፈት። ጣቶቹን ወደ ኋላ መለጠጥ አይገባም፤ መለጠጡ ብቻውን ደሙን አግቶ ጤነኛውን መዳፍ ያነጣዋል። ከዚያ መዳፉን ከራስዎ መዳፍና ከሌሎች ልጆች መዳፍ ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩ። ትንሽ ከነጣ «የተወሰነ መገርጣት» ይባላል፤ ልጁ የወባ ምርመራ፣ አይረንና እንደ ዕድሜው የትል መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ በ14 ቀንም ተመልሶ ይታያል። መስመሮቹ ሳይቀሩ ነጭ ወረቀት ከመሰሉ ግን የዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል የሚላክ ነው። መዳፉ ሂና የተቀባ ከሆነ ወደ ዓይን ቆብና ወደ ምላስ ይሂዱ።

ማረጋገጫው የሄሞግሎቢን፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ቀይ ንጥረ ነገር፣ ልኬት ነው። በዴሲ ሊትር (በ100 ሚሊ ሊትር) ደም ለወንድ ከ13 ግራም፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12፣ ለነፍሰ ጡር ከ11 በታች ደም ማነስ ነው፤ ነፍሰ ጡር ባልሆነ አዋቂ ላይ ከ8 ሲወርድ ከባድ ይባላል። ጅማ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሌላ ነገር ይታሰባል፦ በከፍታ የሚኖር ሰው ቀጭኑን አየር ለማካካስ ሄሞግሎቢኑ ከፍ ይላል። ስለዚህ እዚህ «በትንሹ ደህና» የሚመስል ቁጥር ለቆላ ሰው እንጂ ለከተማችን ሰው ደህና ላይሆን ይችላል፤ ባለሙያው ያስተካክለዋል።

እዚህ ላይ አንድ መደባለቅ በጣም ያስቸግራል። በአማርኛችን «ደም ማነስ» ለሁለት ነገር ይውላል፤ ለደም ግፊት መውረድም፣ ለሄሞግሎቢን ማነስም። ግፊቱ ተለክቶ «ደምሽ ዝቅ ብሏል» የተባለች ሴት አይረን ገዝታ ትውጣለች፤ ግፊቷ 90 በ60 ሆኖ ሄሞግሎቢኗ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ግፊቷ ጥሩ ስለሆነ «ደም ማነስ የለብሽም» የተባለችው መዳፏ ነጭ ሊሆን ይችላል። አንዱ በክንድ ማሰሪያ፣ ሌላው በደም ናሙና የሚለካ ነው። «የትኛው ነው የተለካው?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

ለምን ያንሳል? በጅማ ዙሪያ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። የወባ ተሕዋስ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ አፍርሶትም ይወጣል፤ ልጅና ነፍሰ ጡር ላይ በጥቂት ቀን ሄሞግሎቢንን ሊያወርድ ይችላል። በጊቤ ሸለቆ በኩል ካሉ ቆላማ ቀበሌዎች ትኩሳት ይዞት የመጣ ገርጣ ልጅ የጣት ደም ሳይሰጥ መመለስ የለበትም። ቀጥሎ ባለሙያዎች ሁክዎርም የሚሉት ትል አለ። የትሉ እጭ በሰገራ ከተበከለ እርጥብ አፈር ላይ በባዶ እግር ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ጥላና እርጥበት የማይለየው የቡና መሬት ይመቸዋል። አድጎ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። አንዷ ትል የምትወስደው እዚህ ግባ አይባልም፣ መቶ ሆነው ለወራት ሲቆዩ ግን ጎልማሳ ሠራተኛ ዳገት መውጣት ያቅተዋል። አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ይዋጣል፤ ሽንት ቤትና ጫማ ከሌሉ ግን ትሉ ይመለሳል። በሴቶች ደግሞ የበዛ የወር አበባና ተከታታይ ወሊድ ዋና ምክንያት ናቸው።

ምግብን በተመለከተ ቡናችንን ሳንነካው ማለፍ አይቻልም። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች አንጀት ውስጥ አይረንን ይይዙትና እንዳይገባ ያደርጉታል። ቡና መተው አያስፈልግም፤ ከምግብና ከኪኒን ማራቅ ይበቃል። ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚፈላው ቡና አንድ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ፣ የአይረን ኪኒኑም በቡና ወይም በወተት ሳይሆን በውኃ፣ ከተገኘም በብርቱካን ቢዋጥ ይመረጣል። ኪኒኑ ሰገራን ያጠቁራል፤ ይህ ጤነኛ ነው፣ ከላይ ከተባለው ከሚያጣብቀውና ከሚከረፋው ይለያል። ሆድ ካስቸገረ ከምግብ ጋር መውሰድ ይቻላል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ማብቂያው ላይ ነው፦ በወሩ መልኩ ሲመለስ ያቆማል። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላ የተራቆተውን የሰውነት ጎተራ ለመሙላት 3 ወር ያህል መቀጠል አለበት፤ አለዚያ በዓመቱ ያው ሰው እንደገና ይገረጣል። በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ 1 ግራም ካልጨመረ ደግሞ ወይ ኪኒኑ አልተዋጠም፣ ወይ ደሙ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ምክንያቱ ሌላ ነው። ኪኒኑ ከሕፃናት ይራቅ፤ ከረሜላ መስሎት ብዙ የዋጠ ልጅ ሊሞት ይችላል።

«ወየበ» ሲባል ግን ነገሩ ከደም ማነስ ወደ ጉበት ይዞራል። የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ ሕዝቡ «የወፍ በሽታ» ይለዋል። ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረና ሰገራው ከነጣ ሐሞት መንገዱ ተዘግቶበት ሊሆን ስለሚችል በቅጠል መቆየት የለበትም፤ አንዳንዱ ቅጠል ራሱ ጉበት ይጎዳል። ከንፈርና ምላስ ወደ ሰማያዊ ሲያደሉ ደግሞ ኦክስጅን አንሷል፤ ይህ ከገረጣው ሳይሆን ጊዜ ከማይሰጠው ወገን ነው።

ሥጋው ያለቀው

ግሪካዊው ሐኪም ሂፖክራተስ ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት የጣረ ሞትን ፊት ልቅም አድርጎ ገልጾታል፦ የሾለ አፍንጫ፣ የጎደጎዱ ዓይኖች፣ ከዓይን ጫፍ እስከ ጆሮ ያለው ቦታ የሰመጠ፣ ቀዝቃዛና የተኮማተሩ ጆሮዎች፣ የተወጠረና የደረቀ የግንባር ቆዳ። ሐኪሞች እስከ ዛሬ ድረስ «የሂፖክራተስ ፊት» ይሉታል። ከገለጻው በላይ የሚጠቅመን ግን አብሮ ያስተማረው ነው፦ እንዲህ ያለ ፊት ስታይ ለሞት ከመፍረድህ በፊት ጠይቅ፤ እንቅልፍ አጥቶ ነው? ብርቱ ተቅማጥ ነበረው? ተርቦ ነው? ከነዚህ አንዱ ካለ አደጋው ያነሰ ነው፣ በአንድ ቀንና ሌሊትም ልዩነቱ ይታያል። እኛ ጋ የመጀመሪያው ጥያቄ ጫትንም ይጨምራል። ሌሊቱን ሲቅም ያነጋ፣ ምግብ ያልቀመሰና ውኃ ያልጠጣ ወጣት ጠዋት ላይ ጣረ ሞት ቢመስል በልቶ፣ ጠጥቶና ተኝቶ ማየት ይቻላል። በየቀኑ ከሆነ ግን መክሳቱ የእውነት ይሆናል፤ ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋልና።

ሳይፈልጉ መክሳት መቼ ያሳስባል? ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ከክብደት ከ100 እጅ 5ቱ ከጠፋ መመርመር ይገባል፤ 60 ኪሎ ለነበረ ሰው 3 ኪሎ ነው። ሚዛን የሌለበት ቤት ቀበቶና ቀለበት ይመሰክራሉ። ፊቱ ሬሳ የሚመስለው ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ሲያልቅ ነው፤ ማኘኪያው ጡንቻ ሲሟሽሽ ከዓይን ጎን ያለው ቦታ ይሰምጣል፣ የዓይንን ኳስ የሚደግፈው ስብ ሲያልቅ ዓይን ወደ ውስጥ ይገባል። ሳል ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ የሌሊት ላብና ትኩሳት ከታከሉ ቲቢ ነው የሚታሰበው፤ አክታ ይመረመራል፣ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። ኤችአይቪ አብሮ ይታያል። እየበላ የሚከሳ፣ ብዙ የሚጠጣና ብዙ የሚሸና የስኳር ምርመራ ያስፈልገዋል፤ እየበላ የሚከሳ፣ ልቡ የሚመታና እጁ የሚንቀጠቀጥ ደግሞ የእንቅርት ሆርሞን። መዋጥ የተቸገረ፣ ጠጣር ምግብ ደረቱ ላይ የሚቆምበት አረጋዊ «ጥርሱ ነው» ተብሎ መቆየት የለበትም፤ የጉሮሮ ቱቦ ካንሰር እንዲህ ይጀምራል።

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የክንድ መለኪያ ጥብጣብ አላት። የግራ ክንድ፣ ከትከሻና ከክርን መካከል፣ እጁ ተንጠልጥሎ ይለካል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ከዚያ እስከ 12.5 መካከለኛ። ጥብጣቡን አጥብቆ መሳብ ጤነኛውን ልጅ ያከሳዋል፣ አላልቶ መያዝ የታመመውን ያድነዋል ያስብላል። ሁለቱ እግሮች ላይ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ተጭኖ ጉድጓዱ ከቀረ ልጁ ቢወፍርም ታሟል፤ እብጠት ክሳትን ይሸፍናል።

የመነመነ ሰው ሲገኝ የቤተሰብ ፍቅር አንድ አደጋ ያመጣል። በግ ይታረዳል፣ ቅቤ ይፈሳል፣ «ይብላ፣ ይጠንክር» ይባላል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ሲጠግብ በደም ውስጥ ያሉ ማዕድናት በፍጥነት ወደ ሕዋሳት ስለሚገቡ ልብ ሊቆም ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ ለተጎዳ ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 የሚባለው ቀለል ያለ ወተት የሆነው ለዚህ ነው፤ ጠንከር ያለው ወተት ኤፍ-100 እና ፕላምፒናት የሚባለው የለውዝ ምግብ የሚመጡት ሲረጋጋ ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ የተለመደው ኦአርኤስም ያለ ባለሙያ አይሰጥም፤ ጨው ይበዛበታል።

ታማሚው ፊት

ጠያቂ በር ላይ ቆሞ «ውይ፣ ሬሳ መስሏል!» ሲል ታማሚው ይሰማል። ዓይኑን የከደነ፣ መልስ የማይሰጥ ሰውም ሊሰማ ይችላል። አረጋውያኑ «አታሟርት» የሚሉት ከሟርት በላይ እውነት አለው፤ ተስፋ የቆረጠ ታማሚ ምግብና መድኃኒት ይገፋል። «አላህ አፊያ ይስጥህ»፣ «እግዜር ይማርህ» ማለት አይከብድም። ስለ መልኩ መነጋገር ካስፈለገ ከክፍሉ ውጭ፣ ለአስታማሚው ነው።

መስኮቱ ላይ ለነርሷ ግን ቃል መቆጠብ አያስፈልግም፤ ማጥራት ነው የሚያስፈልገው። ምን ተለወጠ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን አብሮ መጣ። «ከቅዳሜ ጀምሮ ገርጥቷል፣ መዳፉ ነጭ ነው፣ ሰገራው ጥቁር ሆኖ ያጣብቃል፣ ለወገቡ ኪኒን ይወስድ ነበር» ያለ አስታማሚ የጨጓራ መድማትን ከነምክንያቱ ተናግሯል፤ ብዙ የሕመም ማስታገሻዎች ጨጓራ ያቆስላሉ። «ከቡና ለቀማ ከተመለሰ ወዲህ ከስቷል፣ ወር ያሳልበታል» ያለው ለአክታ ምርመራ ይላካል። «ማታ ወልዳ ጨርቁን አሥር ጊዜ ቀየርን፣ እጇ ቀዝቅዟል» ያለችው ደግሞ ካርድ ሳታወጣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ትግባ። ሲወስዱ የነበሩት ኪኒን ከነማሸጊያው፣ የነፍሰ ጡር ካርድ፣ የቀድሞ የላቦራቶሪ ወረቀት አብረው ይምጡ፤ ከአጋሮ ወይም ከሰቃ ጨቆርሳ ተልኮ የሚመጣም የሪፈር ወረቀቱን አይርሳ። ደም ሊያስፈልግ ስለሚችል ጤነኛ የሆነ አንድ ሁለት ዘመድ አብሮ ቢመጣ ይመከራል።